መቶ ስልሳ ላይ አንድም ፍሬ የለም

አዋሽ ሰባት ኪሎ
ታኅሣሥ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለኑርሀያት ከድሩ፣ ሰመራ

ለጤና ጣቢያዋ ነርስ ለሲስተር ውባንች ዋሽቻታለሁ። ሰላምታውን ሳላስቀድም ይህን የጻፍኩት፣ በሰላምታ ከጀመርኩ ስለ ጤናና ስለ ሙቀቱ ጽፌ ወረቀቱን እንደምጨርሰው ራሴን ስለማውቀው ነው። አሁን ሰላምታዬን ተቀበይኝ፤ የአላህ ሰላምና እዝነት በአንቺና በቤትሽ ላይ ይሁን፣ ያስተማርሻቸው ልጆች ይባረኩልሽ።

ስልክ ያልደወልኩት አባትሽ ሁልጊዜ አጠገቤ ስለሆነ ነው። ሱቁንና ቁርስ ቤቴን አንድ ግድግዳ ነው የሚለያቸው፣ ጆሮው ሁሉን ይሰማል። ስለዚህ በእሸቴ መኪና ልኬልሻለሁ። ጅቡቲ የሚመላለሰው ሾፌር እሸቴን ታስታውሺዋለሽ፤ አክስትሽ፣ ባለቤቴ ሙኒያ፣ በሕይወት ሳለች ፉላችንን ሳይበላ አያልፍም ነበር፣ አሁንም አያልፍም።

በመጪው ረመዳን የስኳር መርፌሽን እየወጋሽ ልክ እንደ አክስትሽ እንደምትጾሚ ለአባትሽ ነግረሽዋል። ደስ ብሎት ለደንበኛው ሁሉ ሲያወራ ዋለ። "እህቴ ሙኒያ ስኳሯን ተሸክማ እስከ መጨረሻዋ ቀን ጾማለች። የገደላት ጾሙ አይደለም፣ ያቺ ነርስ ያበዛችው መድኃኒት ነው። ልጄም የአክስቷ ልጅ ናት፣ ትችላለች" ይላል። እኔ በዚህ በኩል ብርጭቆ እያጠብኩ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አክስትሽ ከመሞቷ ከጥቂት ቀን በፊት ክትትል ነበራት፤ ደክሟት ስለነበር ብቻዬን ሄድኩ። እየጾመች መሆኗን እንዳልናገር አስምላኛለች። ሼኹ እኮ ለታመመ ሰው አላህ ፈቅዷል ብለዋት ነበር። እሷ ግን "ልጅ አልወለድኩለት፣ ሐጅ አልሄድኩለት፣ ጾሜን ደግሞ ልቀንስበት?" ትል ነበር። የስኳር መለኪያዋ ውስጥ ያለውን የዚያን ረመዳን ቁጥር ሁሉ በስልኬ ደምሬ አካፈልኩት። መቶ ስልሳ መጣ። ሲስተር ውባንች "መለኪያውን አምጥተዋል?" ስትለኝ ረሳሁት አልኳት፤ ኪሴ ውስጥ ነበር። "በአማካይ መቶ ስልሳ ነው" አልኳት። "ከሰባ በታች ዝቅ የሚልባት ሰዓት አለ? ያልባታል? ትንቀጠቀጣለች?" አለችኝ። "የለም" አልኳት። እሷም መቶ ስልሳ ትንሽ ከፍ ያለ ነው ብላ ስኳሩን የሚያወርደውን መድኃኒት በጥቂቱ ጨመረችው። በነገርኳት ላይ ተነሥታ ሌላ ምን ታደርግ።

መቶ ስልሳው ሐሰት አይደለም። ሁለቴ ደምሬዋለሁ። ትክክል የሆነ ቁጥር እንዴት ውሸት እንደሚሆን አንቺ የሒሳብ አስተማሪ ነሽና ታውቂዋለሽ። ለአንቺም ያኔ ስትጠይቂኝ "መቶ ስልሳ ነበር፣ ደህና ነበር" ብዬሻለሁ። አሁን አንቺም ያው በሽታ ይዞሽ፣ ያንን ቃሌን ተማምነሽ ልትጾሚ ነው።

አትጹሚ ልልሽ ነው የጻፍኩት። ይህን ለአባትሽ አትንገሪብኝ።

አብዱናሲር


ሰመራ
ጥር 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ አብዱናሲር

የአላህ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። አክስቴን አላህ ይርሐማት።

ደብዳቤዎን ካነበብኩት ቆይቷል። መልሴ የዘገየው ፈተና እያረምኩ ስለነበር ነው ብል ግማሹ እውነት ነው። ስለ ሲስተር ውባንች የጻፉትን አንብቤዋለሁ። አሁን በእሱ ላይ ምንም አልልም።

አትጹሚ ብለውኛል፤ ምክንያት ግን አልላኩልኝም። አንድ ቁጥር ምክንያት አይሆንም። ሁለት ዘጠነኛ ክፍል አስተምራለሁ። ባለፈው ፈተና የሁለቱም ክፍሎች አማካይ ሃምሳ አራት ነው። ርዕሰ መምህሩ "እኩል ናቸው" ብሎ ዘጋው። በአንደኛው ክፍል ግን ልጆቹ ሁሉ ሃምሳ አካባቢ ተሰብስበዋል። በሌላው ግማሾቹ ሰማንያና ዘጠና አምጥተው፣ ግማሾቹ ሃያ እንኳ አልሞሉም። በዚያ ክፍል ሃምሳ አራት ያመጣ አንድም ልጅ የለም። አማካዩን ይዤ ብገባ የማስተምረው ማንን ነው?

ስለዚህ የአክስቴን ቁጥሮች ሁሉ ይላኩልኝ፤ መለኪያው ያስታውሳቸዋል። ከመላክዎ በፊት ግን እርስዎ ራስዎ ይዩዋቸው። በጠመኔ ረጅም መስመር ያስምሩ፣ ከዜሮ እስከ ሦስት መቶ ምልክት ያድርጉበት። ለእያንዳንዱ ልኬት በቦታው ላይ አንድ ፍሬ ባቄላ ያስቀምጡ። ተመሳሳይ ቁጥር ከመጣ ከበላዩ ይደርድሩት። ከዚያ አይደምሩ። መጀመሪያ ቅርጹን ይዩ፣ አንድ ጉብታ ነው ወይስ ሁለት? ቀጥሎ መሃሉ የት እንደሆነ፣ ቀጥሎ ከጫፍ እስከ ጫፍ ምን ያህል እንደተበተነ፣ መጨረሻ ላይ ከሌሎቹ ተነጥሎ ለብቻው የቆመ ካለ ይዩ።

የመለኪያው ስትሪፕ፣ ደም የምንነካበት ወረቀት፣ ሰመራ ጠፍቷል፤ ለዚህ ወር ብቻ የሚበቃ ቀርቶኛል። ካገኙ በእሸቴ ይላኩልኝ። እኔም በዚህ በረጀብ ወር ሰኞና ሐሙስ እየጾምኩ ራሴን እለካለሁ።

ኑርሀያት


አዋሽ ሰባት ኪሎ
ጥር 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለኑርሀያት

ሰላምሽ ይብዛ፤ አላህ በሰው አገር ከክፉ ይጠብቅሽ። ስትሪፑ ከዚህ ጋር ነው፤ እዚህም አልነበረም፣ ከአዳማ ያመጣልኝ ሰው አለ። በጥላ አስቀምጪው።

እንዳልሽው አደረግኩ። ወለሉ ላይ ሰው ስለሚረግጠው በረጅሙ ገበታ ላይ አሰመርኩት። ከዙህር ሶላት በኋላ በሙቀቱ ሰው ሁሉ ይተኛልና ቤቱ ባዶ ይሆናል ብዬ ነበር። እሸቴ ግን ገና እየበላ ነበር።

"ጋሽ አብዱ፣ ከዛሬ ጀምሮ ፉል በፍሬ ነው እንዴ የሚሸጡልን?" አለኝ።

"የሒሳብ ትምህርት ነው።"

"በዚህ ዕድሜ? አስተማሪው ማን ነው?"

"ኑርሀያት።"

"እንግዲያ ተጠንቅቀው ይቁጠሩ። ያለፈውን ደብዳቤ ሳቀብላት በሩ ላይ ቆማ አነበበችና ሰላም እንኳ ሳትለኝ ገባች። ምን ጻፉላት?"

ብላ አልኩት። ሳቀና በላ።

ከረመዳኑ መጀመሪያ እስከ ክትትሏ ዋዜማ ያለውን ደረደርኩ። በቀን ሁለት ጊዜ ነበር የምንለካው፤ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ጾሙ ሊፈታ ጥቂት ሰዓት ሲቀረው አንድ፣ ጾሟን ካፈጠረች በኋላ ማታ አንድ። ፍሬዎቹ ሲያልቁ ቆሜ አየሁት። በግራ በኩል ከአርባ ሰባት እስከ ሰባ አንድ አንድ ጉብታ። በቀኝ በኩል ከሁለት መቶ አርባ አራት እስከ ሁለት መቶ ሰማንያ ሌላ ጉብታ። በመሃላቸው ምንም። ጠመኔና እንጨት ብቻ። መቶ ስልሳን ፈልጌ ጣቴን አስቀመጥኩበት። አንድም ፍሬ የለም። በግራም በቀኝም ከጣቴ ያለው ርቀት ሜዳ ነው። በዚያ ረመዳን ሙኒያ አንድ ጊዜ እንኳ መቶ ስልሳ ሆና አልተለካችም። ለሲስተር ውባንች የነገርኳት ሴት በዓለም ላይ አልነበረችም።

እንዲህ ቆሜ ሳለ አባትሽ ለሻይ ገባ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"የሙኒያ ስኳር ነው። ልጅህ ለትምህርት ጠይቃኝ ነው።"

ጎንበስ ብሎ አየው። አባትሽ ትምህርቱን በአምስተኛ ክፍል ነው የተወው፤ ሸራና ገመድ ሲለካ ግን ዓይኑ አይሳሳትም። "እነዚህ ጥግ የተሰበሰቡት?"

"ከዐስር በኋላ ያሉት።"

"በጾሟ ሰዓት። እነዚያኞቹስ?"

"ካፈጠረች በኋላ።"

ግራውን ጉብታ በጣቱ መታ መታ አደረገው። "ያቺ ሴትዮ ይሄን እያየች ነው መድኃኒት የጨመረችባት? እኔ ያልተማርኩት ወርዶ ወርዶ እንደነበር ይታየኛል። ዓይኗ የት ነበር?"

አፌን ከፈትኩ። "ሻይህ ቀዘቀዘ" አልኩት።

ሻዩን ጠጥቶ ሄደ። በመንገድ ላይ ሲስተር ውባንችን ሲያገኛት ፊቱን እንደሚያዞርባት ታውቂያለሽ። ሦስት ዓመት ሙሉ እሷ አንገቷን ደፍታ ታልፋለች፣ እኔ ከበሬ ላይ አያለሁ።

ቁጥሮቹን በጀርባው ጽፌልሻለሁ። ከክትትሉ በኋላ ያሉትን፣ መድኃኒቱ ከተጨመረ ወዲህ ያሉትን፣ ለብቻ አድርጌያቸዋለሁ። ከዐስር በኋላ አርባ አራት፣ አርባ አንድ፣ ሠላሳ ስምንት።

ይህን አይተሽ እንደማትጾሚ ጻፊልኝ።

አብዱናሲር


ሰመራ
የካቲት 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሼ አብዱናሲር

የአላህ ሰላም ይድረስዎ፣ ስለ ስትሪፑ አላህ ይስጥልኝ።

ደብዳቤዎ ሰመራን አልፎ ወደ ጅቡቲ ድንበር፣ ዲቾቶ ደርሶ ነው የተመለሰው። እሸቴ ሌሊት ስላለፈ ሊቀሰቅሰኝ አፍሮ ይዞት ሄደ፣ እዚያም መኪኖች ተሰልፈው ብዙ ቀን ቆመ። "ደብዳቤሽ ከእኔ ጋር ሙቀት ሲጠብሰው ከረመ" ብሎ ሰጠኝ።

የእኔን ስምንት የጾም ቀናት ጨርሻለሁ፤ ቁጥሮቹን በጀርባው ጽፌልዎታለሁ። አማካዩ መቶ ሃምሳ ስምንት ነው። ለሰው ብናገር "ልክ እንደ አክስቷ" ይባላል። በአንድ መስመር ላይ የአክስቴን ከላይ፣ የእኔን ከታች አድርጌ ሣልኩት። የእኔም ሁለት ጉብታ ነው። ግራው ግን ከሃምሳ አንድ እስከ ሰማንያ ሦስት ነው፣ አብዛኛው ሰባ አካባቢ። ቀኙም የአክስቴን ያህል አይርቅም። አማካያችን እኩል ቢመስልም የእኔ ከእሷ ጠበብ ያለ ነው። ይህ ማለት እችላለሁ ማለት ሊሆን ይችላል። እውነቱን ልንገርዎትና መቻል እፈልጋለሁ። እናንተ ቤት እየኖርኩ ስማር ለሱሑር፣ ጎህ ሳይቀድ ለምንበላው፣ የምትቀሰቅሰኝ እሷ ነበረች። ረመዳን ለእኔ የእሷ እጅ ነው። ጾሙን ስተው እሷን የምተዋት ይመስለኛል።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። አክስቴ የሞተችው በረመዳን አስራ አራት ነው። በየቀኑ ከዐስር በኋላ ትለካ እንደነበር ጽፈውልኛል። የአስራ ሦስተኛው ቀን አለ፣ ሠላሳ ስምንት። የአስራ አራተኛው የለም። መለኪያው ሳይሠራ ቀርቶ ነው? ወይስ ሲጽፉ አምልጦዎት ነው? ተማሪዎቼን "የጎደለ ቁጥር ሲኖር ለምን እንደጎደለ ሳትጠይቁ አትለፉ" እላቸዋለሁ።

ኑርሀያት


አዋሽ ሰባት ኪሎ
የካቲት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለኑርሀያት፣ አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው

ሳላድር መልስ ልጽፍ ፈልጌ ነበር፤ ሦስት ወረቀት ቀደድኩ።

በመጀመሪያ ስለ መጥበቡ። መለኪያው ከዚያ በፊት የነበረውን የ2012ን ረመዳንም ይዟል። እሱንም ደረደርኩት። ገበታው ላይ ሦስት መስመር ሆነ፤ ሙኒያ በ2012፣ ሙኒያ በ2013፣ አንቺ። የ2012ቱ ግራ ጉብታ ከሃምሳ ሁለት እስከ ሰማንያ አራት ነው፣ አብዛኛው ሰባ አካባቢ። ያንቺን ከሥሩ ሳደርገው ፍሬዎቹ ፊት ለፊት ተያዩ። እሷም ያኔ ጠበብ ያለች ነበረች። "አየህ፣ ችያለሁ" ብላኝ ነበር። በዓመቱ ጉብታዋ እንዳለ ወደ ግራ ተገፋ፣ ከክትትሉ በኋላ ደግሞ ከዚያም አለፈ። አንቺ ከአክስትሽ የተሻልሽ አይደለሽም፣ ልጄ። አንቺ አክስትሽ ነሽ፣ ከመሞቷ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ።

አሁን ስለጎደለው። መለኪያው ይሠራ ነበር። ሳልጽፈው የቀረሁት ረስቼው ነው ማለትም አልችልም፤ ጭራሽ አልለካኋትም። ቁጥሩን ካየሁ ማድረግ ያለብኝን ማድረግ እንደሚኖርብኝ ስለማውቅ መለኪያውን ከመደርደሪያው አላነሳሁትም።

ዐስርን ሰግጄ ስመለስ ፊቷን ላብ አልብሶታል። በስሜ ፋንታ በአባቷ ስም ጠራችኝ። ቤታችን አባቷ የሉም፣ ከሞቱ ስንት ዓመታቸው። ስኳር በውሃ በጥብጬ አቀረብኩላት። እጄን በቀስታ ገፋችውና "ትንሽ ነው የቀረው፣ አዛኑን እንጠብቅ" አለች። ብርጭቆውን መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት። አልወደቀብኝም፣ አልደፋችብኝም። አስቀመጥኩት። አጠገቧ ተቀምጬ የማፍጠሪያውን አዛን አብሬያት ጠበቅኩ። አዛኑ ሲሰማ ብርጭቆውን አንሥቼ ወደ አፏ አስጠጋሁት፤ ከንፈሯ አልተከፈተም። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቂዋለሽ፤ ተሸክመን ሮጥን፣ ጤና ጣቢያው ደረስን፣ አልሆነም።

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። በሶላቴ ውስጥ እንኳ ዞሬ ነው የማልፈው። ሰው "የአብዱናሲር ሚስት በመርፌ እየኖረች ትጾማለች" ሲል ደስ ይለኝ ነበር። መስጊድ ደጃፍ ላይ ሲያነሡልኝ አንገቴ ቀና ይል ነበር። እሷ የጾመችው ለአላህ ነው፣ እሱን አልጠራጠርም። እኔ ያን ሰዓት የጠበቅኩት ለማን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ ራሴን ስጠይቅ አላውቀውም።

አትጹሚ። እግርሽ ላይ ወድቄ እንደምለምንሽ ቁጠሪው።

አብዱናሲር


ሰመራ
የካቲት 23 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጋሼ

ሐሙስ እለት ጾሜ ነበር። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ በኋላ ነው የጾምኩት፤ ለምን እንደጾምኩ አይጠይቁኝ። ከሰዓት በኋላ ክፍል ውስጥ ሰሌዳው ፊት ወደቅኩ። ተማሪዎቼ ከረሜላ አፌ ውስጥ ከተቱልኝ። አንዷ "ቲቸር ጾመኛ ናት፣ አይቻልም" ስትል፣ ሌላዋ "ዝም በይ፣ አኝኪው በያት" ስትላት ከሩቅ ይሰማኝ ነበር። ስነቃ ተለካሁ፤ ከረሜላውን በልቼም አርባ ሦስት። የእኔ ፍሬም ተነጥላ ወደዚያ ሄደች።

ስለዚህ በቁጥሩ አምኛለሁ። የቀረኝ ቁጥሩ አይደለም።

አባቴ ደውሎ ነበር። እሑድ ሰመራ መጥቶ የረመዳንን የመጀመሪያ ሳምንት ከእኔ ጋር ያሳልፋል። ሱሑር አብረን እንበላለን ብሎ ደስታው ልክ የለውም። አልጾም ይሆናል ብዬ ስጀምርለት "ምነው፣ ፈራሽ? የአክስትሽን ፍሬዎች እኮ እኔም አይቻለሁ። እንደዚያ ወርዶባትም ችላለች። ያቺ ሴትዮ ባትጨምርባት ኖሮ ዛሬም ትጾም ነበር" አለኝ። እኔ ስዕሉን ባሳየው ያንኑ ነው የሚለኝ። እርስዎ ያሳዩት ግማሹን ነው፣ ግማሹን አይቶ እኔን ወደዚያ እየጠራኝ ነው።

በምን አፌ "አክስቴ አልቻለችም" ልበለው? ከዚህ በኋላ የሚመጣውን "ለምን?" የሚል ጥያቄ መመለስ ያለብዎት እርስዎ ነዎት። የእርስዎን ምስጢር ተሸክሜ አባቴ ፊት አልቆምም። እሱ ፊቴ ተቀምጦ እየጾመም ቀን ላይ እንጀራ መቁረስ አልችልም፤ አስተዳደጌን ያውቁታል። ካልነገሩት ሰኞ ሱሑር አብሬው እበላለሁ። ማስፈራራቴ አይደለም። ሌላ የምይዘው ነገር ስለሌለኝ ነው።

ለእኔ ሁለት ጊዜ "አትጹሚ" ብለው ለምነውኛል። ይህን ልመና አክስቴ ናት መስማት የነበረባት።

ኑርሀያት


አዋሽ ሰባት ኪሎ
ዓርብ የካቲት 29 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለኑርሀያት

አላህ ያንን ከረሜላ የሰጡሽን ልጆች ይባርክ። ስማቸውን ብትጽፊልኝ በዱዓዬ እጠራቸዋለሁ።

ደብዳቤሽ ማክሰኞ ደረሰኝ። ረቡዕ ወደ አባትሽ ሱቅ ገብቼ ገመድ ገዝቼ ወጣሁ፤ ገመድ አያስፈልገኝም። ሐሙስ ጠዋት ደጁ ላይ ስቆም ደንበኛ ነበረው። ከሰዓት ስመለስ ደንበኛ አልነበረውም፣ እኔ ግን ሰላም ብዬው አለፍኩ። ዛሬ ከጁምዓ ሶላት አብረን ተመለስን። ለረመዳን ቴምር ገዝቶልሽ በካርቶን ይዞታል። እሱን ሳየው ከዚህ በኋላ ሌላ ቀን እንደሌለኝ ገባኝ።

ሱቁ ገብቶ ሸራ መጠቅለል ጀመረ። "ከድሩ፣ ስለ ሙኒያ የምነግርህ አለ" አልኩት።

"የሦስተኛ ዓመቷን ዱዓ ከሆነ ከዒድ በኋላ እናደርገዋለን።"

"እሱ አይደለም።"

ከመሐላዋ ጀመርኩ። ኪሴ ውስጥ ስለነበረው መለኪያ ነገርኩት። ሲስተር ውባንች የጠየቀችኝን በየተራ፣ እኔም የመለስኩላትን በየተራ ነገርኩት። መጠቅለሉን አላቆመም። ጨርሶ በገመድ አሰረውና ጥግ ላይ አቆመው። ከዚያ ዞረ።

"ያን ባቄላ ስትደረድር መጥቼ 'ዓይኗ የት ነበር' ስልህ፣ ምን ነበር ያልከኝ?"

"ሻይህ ቀዘቀዘ አልኩህ።"

"ሻይህ ቀዘቀዘ" ብሎ ደገመው። "ሦስት ዓመት ሙሉ ያቺን ሴትዮ ፊት ስነሣት እያየህ።"

"እያየሁ።"

"አለቀ?"

አላለቀም አልኩት። የመጨረሻዋን ቀን ነገርኩት። ለአንቺ እንደጻፍኩት ሳይሆን ከዚያ ባጠረ ቃል ነው። የአባታቸውን ስም መጥራቷ ጋ ስደርስ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

"በአባባ ስም ጠራችህ?"

"አዎ።"

"ያን ጊዜ አዛን እስኪባል ምን ያህል ቀርቶ ነበር?"

"ዐስርን ሰግጄ እንደገባሁ ነው።"

ሒሳቡን በልቡ ሲሠራ አየሁት። "ብዙ ነው" አለ። "አጠጥቶ ለማዳን የሚበቃ ሰዓት ነው።"

"ብዙ ነው።"

ይመታኛል ብዬ ነበር፤ ቢመታኝ ይቀለኝ ነበር። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ቆየ። ሲገልጠው ስለ እኔ አልነበረም ያሰበው። "ልጄ እንደወደቀች ታውቃለህ?" አለኝ። ለእሱ "ራሴን አዞረኝና ወደቅኩ" ብለሽ ብቻ ነበር የነገርሽው። አርባ ሦስትን ነገርኩት። ቁጥሩ ግራው ጉብታ ላይ የት እንደሚያርፍ ያስታውሳል፣ ያየ ሰው ነው።

"እኔ ነኛ ወደዚያ ስገፋት የነበርኩት" አለ። "ቴምር ገዝቼ።"

እንደዚያ አይደለም ልለው ፈለግኩ። ለማለት መብት ያለኝ ሰው ግን አይደለሁም።

ከዚያ እንዲህ አለኝ፣ በቃሉ እጽፍልሻለሁ። "ወረቀት አለህ አይደል? አንተ ጻፍላት፣ እኔ በስልክ አልችልም። አባትሽ ብዪ ብሏል በላት። እሑድ እመጣለሁ፣ እኔ እየጾምኩ እሷ ስትበላ አጠገቧ እቀመጣለሁ፣ ሰው ቢመጣ በሩ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ በላት።" በሩ ጋ ስደርስ ደግሞ ጠራኝ። "አብዱናሲር፣ ከዛሬ በኋላ በዚህ በር አትግባ። ሻይም ከአንተ ዘንድ አልጠጣም። እኔንና አንተን የሚያገናኘን ሙኒያ ነበረች።" ከተዋወቅን ሠላሳ ዓመታችን ነው። እሺ ብዬው ወጣሁ።

ሲስተር ውባንችን ገና አላገኘኋትም። ጤና ጣቢያው ሄጄ ተረኛ አይደለችም አሉኝ፤ ነገ ጠዋት እመለሳለሁ። ሙኒያን በተመለከተም አንድ ነገር አለ። ሰው ሁሉ ያማረ ሞት ሰጥቷት ነበር፤ እኔ ዛሬ ከእጇ ወሰድኩባት። ማታ በሱጁድ ላይ ምን እንደምላት አላውቅም።

እሸቴ ሞተሩን አስነሥቶ እየጠበቀኝ ነው፤ በዚህኛው ጉዞ ሌሊት ቢደርስም እቀሰቅሳታለሁ ብሎ ምሏል። ለአባትሽ ነገርኩት፣ ልጄ። ሰኞ ምሳሽን ብዪ።

አብዱናሲር